ትልልቅ የግንባታ ማሽኖችን ከጅቡቲ ወደብ መሀል አዲስ አበባ ሳይት ማድረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማሽን ያስመጣ ሰው የሚጨነቀው ስለ ረጅሙ መንገድ ነው። ጋላፊ፣ ሚሌ፣ አዋሽ እያለ ያሰላል። እኔ ግን ሥራውን የሚያከብደው የመጨረሻው አጭር መንገድ ነው ባይ ነኝ። ከቃሊቲ ተነስቶ ሜክሲኮ፣ ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ሳይት በር ላይ የሚያልቀው ማለት ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ወደ ከተማው ያደላሉ።

የእኔ ማሽን ከመጠን በላይ የሚባል ጭነት ነው?

ሜትር ይዘው ይለኩት። የኮንቴይነር ወርድ 2.44 ሜትር ነው። ለኮንቴይነር የተሠራ ተሳቢም ከዚያ ብዙ አይሰፋም። 22 ቶን ገደማ የሚመዝን የተለመደ ኤክስካቫተር ወርዱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። 36 ቶን አካባቢ የሚመዝነው ደግሞ ያልፈዋል። ስለዚህ ተራ ተሳቢ ላይ ቢጫን ግራና ቀኝ ይወጣል።

ከፍታውም አለ። የሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን የሚጫንበት ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። 3.4 ሜትር የሚቆም ማሽን ሲጫንበት 4.4 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይያዙት፣ ከተማ ሲገባ ያስፈልገናል።

ካታሎግ ላይ ያለውን ልኬት ብቻ አይመኑ። ያገለገለ ማሽን ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱ ሰፋ ያለ የእግር ሰንሰለት አስገጥሞለት ይሆናል። ጋቢናው ላይ የብረት መከላከያ የተበየደበትም አለ። ሻጩ ፎቶ ብቻ ሳይሆን በሜትር የተለካ ቁጥር ይላክልዎት።

በመርከብ ሲመጣ በምን መልክ ቢጫን ይሻላል?

ሦስት መንገድ አለ። በራሱ እየተነዳ መርከብ ውስጥ የሚገባበት አንዱ ነው። ጣሪያና የጎን ግድግዳ በሌለው ኮንቴይነር፣ ማለትም በፍላት ራክ ታስሮ የሚመጣበት ሌላው ነው። ሦስተኛው እንደ ልቅ ጭነት በክሬን የሚወርድበት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ የተሠራው እንዲህ ያለውን ጭነትና ተሽከርካሪ ጭምር ለማስተናገድ ነው።

መነዳት የሚችል ማሽን ከሆነ በራሱ ተነድቶ የሚገባውን እመርጣለሁ። ከወደብ ሲወጣም በራሱ ሎቤድ ላይ ይወጣል፣ የክሬን ወጪ ይቀንሳል። ፍላት ራክ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ባዶውን የመመለስ ጣጣ አለበት።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ብዙ ሰው ታስከፍላለች። ባትሪ። ማሽኑ ባሕር ላይ ከርሞ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ሲቆም ባትሪው ይሞታል። ቁልፉም «ጋቢና ውስጥ አለ» ይባልና ይጠፋል። ሎቤዱ ተከራይቶ ደርሶ፣ ማሽኑ አልነሳ ብሎ የቀን ኪራይ ሲቆጥር ያናድዳል። መለዋወጫ ቁልፍና ባትሪ ማስነሻ ገመድ ሹፌሩ ይዞ ይሂድ።

ፈታትቶ ማምጣት ወይስ እንዳለ?

በቀላሉ የሚፈታውን ይፍቱ። የኤክስካቫተር ባልዲ፣ የዶዘር ብሌድ፣ ከኋላ የሚንጠለጠለው ክብደት። ብሌዱ ሲወልቅ የዶዘሩ ወርድ በደንብ ይቀንሳል። የኋላው ክብደት ሲወርድ ደግሞ ቶኑ ይቀላል፣ እሱን በሌላ መኪና መላክ ይቻላል።

ታወር ክሬን ድሮውንም ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚመጣው። ብዙው ክፍል ተራ ተሳቢ ላይ ይሄዳል። ክሬኑ እንዳይወድቅ ሚዛኑን የሚጠብቅለትን ከባድ ክብደት፣ ባላስቱን፣ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው። አምራቹ በሚሰጠው ስዕልና ክብደት መሠረት እዚሁ ከኮንክሪት ይሞላል።

ለሕንፃ መሠረት ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍረው የፓይል ማሽን ከሁሉም ይከብዳል። ትልልቆቹ ከ60 ቶን በላይ ናቸው። የማሽኑ ምሰሶ ይታጠፋል ወይም ይወልቃል። እዚህ ላይ ባለሙያ ሳይኖር ብሎን መንካት አያዋጣም። ብሎኖቹ በየዓይነታቸው በከረጢት ታስረው፣ ምልክት ተጽፎባቸው፣ ከመፈታታቸው በፊት ፎቶ ተነስቶ ይቀመጡ።

በባቡር ለምን አይመጣም?

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛነት ይሠራል። መስመሩ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮንቴይነር ላይ ጎበዝ ነው። ነገር ግን የሚያልቀው ከተማው ዳር፣ እንዶዴና ለቡ ፉሪ በኩል ነው። የድሮው የለገሃር ባቡር ቢሆን ኖሮ መሀል ከተማ ያወርድ ነበር፣ እሱ ግን የለም። ከእንዶዴ በኋላ ያው ሎቤድ ያስፈልጋል። አንዴ ከመጫን ሁለቴ መጫን ይመጣል። ለአንድ ሁለት ማሽን ከሆነ በመኪና ይጨርሱት።

መንገዱ ስንት ቀን ይፈጃል?

በጋላፊ በኩል ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለተጫነ ሎቤድ ይህ የጥቂት ቀን መንገድ ነው። ቀኑን የሚበላው መንዳቱ ሳይሆን መቆሙ ነው። ወረቀት፣ ድንበር፣ ሚዛን፣ ጎማ።

መንገዱ ከባሕር ጠለል ተነስቶ 2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል። አፋር ላይ ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል። ከመተሐራ ወዲህ ደግሞ ዳገት አለ። ከፍ እያለ ሲሄድ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መጣ ብለው ሹፌሩ ላይ በስልክ አይጩሁ። ይልቁን ሲያርፍ ማሰሪያ ሰንሰለቱን ደግሞ ያጥብቅ እንደሆነ ይጠይቁት። በኮረኮንች የተናጠ ሰንሰለት ይላላል። ጅቡቲ ላይ ክርር ያለው ሚሌ ላይ እጅ ሊያስገባ ይችላል።

ሎቤድ ስከራይ ምኑን ልይ?

ሁሉም ሰው «ስንት ቶን ያነሳል?» ይላል። እርስዎ «ስንት አክስል አለው?» ይበሉ። አክስል የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዘው ብረት ነው። 36 ቶን ኤክስካቫተር እንውሰድ። ጎታቹ 9 ወይም 10 ቶን ነው። ሎቤዱ ራሱ ባዶውን 14 ቶን ገደማ ነው። ድምሩ 60 ቶን ነካ ማለት ነው። ጎታቹ 3፣ ሎቤዱ 3 አክስል ካላቸው 6 አክስል ላይ ተከፋፈለ። የፊተኛው፣ መሪው ያለበት፣ 7 ቶን ቢሸከም ለቀሩት አምስቱ 53 ቶን ይተርፋል። እያንዳንዳቸው ከ10 ቶን በላይ ሊሸከሙ ነው። እንዲህ ሆኖ ሚዛን ላይ መውጣት ጭቅጭቅ መጥራት ነው። 4 አክስል ያለው ሎቤድ ሲሆን ይኸው ጭነት ቀለል ብሎ ይቀመጣል። ኪራዩ ይጨምራል፣ ግን ሚዛን ጣቢያ ላይ ከመጉላላት ይረክሳል።

ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታም ይለያል። ትንሽ ወደፊት ሲገፋ ክብደቱ ጎታቹ ላይ ያርፋል፣ ወደኋላ ሲሳብ የሎቤዱ አክስሎች ላይ። ልምድ ያለው ሹፌር በዓይኑ ያውቀዋል። እርስዎም ከጎን ቆመው ጎማዎቹን ይመልከቱ፣ የቱ እንደተጫነው ይናገራሉ።

ከዚህ ሌላ የወለሉ እንጨት፣ መወጣጫው፣ ትርፍ ጎማው፣ የፍሬኑ አየር። ወለሉ ዘይት ከጠገበ ባለ ብረት እግር ማሽን ይንሸራተታል። አሸዋ ይበተንበት።

ፈቃድ ከማን ነው የሚወጣው?

ከአንድ ቦታ አይደለም፣ ችግሩም እሱ ነው። ጉምሩኩን ትራንዚተሩ፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ይይዘዋል። የፌዴራል አውራ ጎዳናው ላይ ከተፈቀደው ወርድ፣ ከፍታና ክብደት የሚያልፍ ጭነት የሚታየው በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በኩል ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ የአዲስ አበባ የትራፊክ አመራር መሥሪያ ቤትና ትራፊክ ፖሊስ አሉ። ብዙ ሰው ትራንዚተሩ ሁሉንም የጨረሰለት ይመስለዋል። እሱ የጨረሰው የጉምሩኩን ነው። ሎቤዱ ቃሊቲ ደርሶ ነው «የከተማ ፈቃድስ?» የሚባለው።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ወረቀት ያዘጋጁ። የማሽኑ ዓይነትና ክብደት፣ ተጭኖ ያለው ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የሚያልፍበት መንገድ በስም፣ የሚገባበት ሌሊት። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድን የሚጠቀሙ ከሆነ የክፍያ በሩ ወርዱን ያሳልፍ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ።

መሀል ከተማ በየት በኩል ይገባል?

ይኸው ደረስንበት። ከቃሊቲ የሚመጣው ዋናው መንገድ በሳሪስ፣ በነፋስ ስልክና በላንቻ አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ ይሄዳል። መሀሉን ቀላል ባቡሩ ይዞታል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ እንደ ልብ አይገኝም። አንዴ ካመለጠ ሎቤድ አዙሮ መመለስ ዘበት ነው። መታጠፊያውን ቀድሞ መምረጥ ግድ ነው።

ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከላዩ የ750 ቮልት ሽቦ ይዞ ነው የመጣው። ሀዲዱ ከመንገዱ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ የሚያቋርጡ ከሆነ ያ ሽቦ ከራስዎ በላይ ነው። ሀዲዱ ከፍ ብሎ በድልድይ በሚሄድበት ደግሞ፣ ከስታዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጎ ልደታ ድረስ፣ ከስር ሲያልፉ ጣሪያው ድልድዩ ነው። ያ 4.4 ሜትር እዚህ ላይ ነው የሚወጣው። በየቦታው ይለካ። «ባለፈው ገልባጭ አልፏል» ማስረጃ አይሆንም።

እንዴት ይለካል? የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ይግዙ።  ፒክ አፕ ላይ ቀጥ አድርገው ይሰሩት፣ ጫፉ ከመሬት ሲለካ ከጭነቱ ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር በልጦ 4.7 ሜትር ይሁን። ከዚያ ሎቤዱ በሚሄድበት መንገድ፣ በሚሄድበት ረድፍ፣ ቀስ ብለው ይንዱ። ጫፉ የነካውን ሁሉ ይጻፉ። የባሕር ዛፍ አጣና ርካሽ ነው ብለው እንዳይሞክሩ፣ እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቱቦውም ቢሆን ደረቅ ይሁን፣ ዝናብ ላይ አይለካም። የባቡሩን ሽቦ ግን በቱቦ አይጠጉት። እሱን ባቡሩን የሚያስተዳድረው ክፍል ይንገርዎት።

ዋናው መንገድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነካ ነገር የለም። የሚነካው ከዋናው ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ነው። የረገበ የስልክ ገመድ፣ ከቤት ወደ ቤት የተጎተተ የመብራት ሽቦ፣ ወደ መንገድ የወጣ ቆርቆሮ ጣሪያ። የመብራት ሽቦን ረዳቱ በእንጨት ከፍ አድርጎ ሲያሳልፍ አይቼ አውቃለሁ። ይህ ጀግንነት አይደለም። ለመብራት አገልግሎት ቀድሞ ተነግሮ ይነሳ ወይም ይጥፋ።

ታች ደግሞ የሎቤዱ ሆድ አለ። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉብታ ላይ ይቀመጣል። ከቸርችል ጎዳና ወደ ጎን ተዳፋት የሚታጠፉ መንገዶች ላይ ዳገቱና ቁልቁለቱ በሚገናኙበት መሀል ሆዱ ሊይዝ ይችላል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም እንዲሁ። ረዳቱ ወፍራም ጣውላ ይዞ ቀድሞ ይውረድ።

ስለ ኮሪደር ልማቱም አንድ ልበል። መንገዶቹ አምረዋል፣ ግን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ መብራትና ተክል ሲጨመር ጥግ ላይ የነበረው ነጻ ቦታ ቀንሷል። ድሮ የኋላ ጎማው አስፋልት ዳር ወጥቶ የሚዞርበት ጥግ ላይ ዛሬ አዲስ የተነጠፈ ንጣፍ አለ። ንጣፉን መስበር ካሳ አለው። ካለፈው ዓመት የነበረዎትን የመንገድ ዕቅድ ጣሉት፣ አዲስ ይለኩ።

ስንት ሰዓት ላይ ይግባ?

ሌሊት። ቀን ላይ ለከባድ መኪና የተከለከሉ ሰዓቶች አሉ፣ ባይኖሩም በጠዋት ሜክሲኮ ላይ ሎቤድ ማቆም ሰው መጉዳት ነው። እኔ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን እወዳለሁ። ባቡሩ ቆሟል፣ ታክሲው ገብቷል። ከ11 ሰዓት በኋላ የጠዋት ታክሲና ሠራተኛ መውጣት ይጀምራል።

ሌሊት ያለው ጣጣ በየሰፈሩ የቆመ መኪና ነው። የሰፈሩን ዘበኛ ከቀኑ ይተዋወቁት። የትኛው ቪትዝ የማን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀን 10 ሰዓት ላይ ተነግሮት ባለቤቶቹን ካሳወቀ ሌሊት በር ማንኳኳት አይኖርም።

ከቀኖቹ ደግሞ የማይሞከሩ አሉ። የደመራ ዕለት መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ የኢሬቻ ሰሞን፣ ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫ ዋዜማ፣ ጥር 10 እና 11 ጃንሜዳ በኩል፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር። መርከቡ የሚደርስበትን ቀን ሲያሰሉ እነዚህንም ቀን መቁጠሪያው ላይ ያክብቡ።

ኦፕሬተሩ ራሱ ከቃሊቲ ነድቶት ቢመጣስ?

ባለ ጎማ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሎደር ወይም ግሬደር፣ ሰሌዳና ሊብሬ ካለው፣ በሌሊት ከአጃቢ ጋር ያስኬዳል። ባለ ብረት እግር ከሆነ በፍጹም። አስፋልቱን ያርሰዋል።

ሳይቱ ጠባብ ነው፣ ሎቤዱ አይገባም። የት ይውረድ?

መሀል ከተማ ይህ የተለመደ ነው። ሎቤዱ መንገድ ላይ ይቆምና ማሽኑ ወርዶ በራሱ ይገባል። ለዚህ አራት ነገር ያስፈልጋል። መንገዱን የሚዘጋ ትራፊክ፣ ደልዳላ ቦታ፣ አሮጌ ጎማ፣ ኦፕሬተር።

አሮጌ ጎማው ከእግሩ ስር የሚነጠፍ ነው። ጎሚስታ ቤት የጣሉትን ይሰበስባሉ። ሁለት ረድፍ ይደረደራል፣ ማሽኑ ወደፊት ሲሄድ ከኋላ ያለፈው ይነሳና ወደፊት ይመጣል። አዝጋሚ ነው፣ ግን አስፋልቱም ንጣፉም ይተርፋል። ማሽኑ ጎማ ላይ ሆኖ መዞር የለበትም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መዞር ካለበት በቦታው ላይ ጥቂት በጥቂት።

የማንሆል ክዳኖችን ቀን አይተው ቀለም ይቀቡባቸው። ከአሮጌ ቤቶች የተረፈ፣ ማንም የማያስታውሰው የሽንት ቤት ጉድጓድም ፈርሶ በተሠራ ሰፈር አይጠፋም። ካዛንቺስን የመሰለ ሰፈር ላይ የድሮ ነዋሪ ፈልጎ መጠየቅ ከስንት መሣሪያ ይበልጣል። ለቤዝመንት የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ከአፋፉ ይራቁ። ምን ያህል እንደሚርቁ የሳይቱ መሐንዲስ አፈሩን አይቶ ይወስን፣ ፎርማኑ በግምት አይደለም።

ኦፕሬተሩን የጠቀስኩት የሚረሳ ስለሆነ ነው። የሎቤድ ሹፌር ኤክስካቫተር ማውረድ የእሱ ሥራ አይደለም። «እኔ አውርድልሃለሁ» ካለም አይፍቀዱ። መወጣጫው ላይ ማሽኑ ሚዛኑን ስቶ ወደ ፊት የሚደፋበት ቅጽበት አለ። እዚያ ላይ የለመደ እጅ ነው የሚያስፈልገው።

ማሽኑ መንገድ ላይ ቢጎዳ ማን ይከፍላል?

ውሉ ያለው። የባሕር ኢንሹራንሱ እስከ ወደብ ነው ወይስ እስከ ሳይት? ብዙ ሰው ይህን የሚያነበው ከተጎዳ በኋላ ነው። የመኪናው ሦስተኛ ወገን ዋስትና የተጫነውን ማሽን አይሸፍንም። ሲጫንና ሲወርድ ከአራቱም ጎን ፎቶ ይነሳ፣ ሹፌሩም ተረካቢውም ይፈርሙ።

ዋጋ ስጠይቅ ምን ላካትት?

ከወደብ እስከ ሳይት ብቻ ብለው ከተስማሙ ክርክሩ በኋላ ይመጣል። የሚቆምበት ቀን ስንት ነው? ከስንተኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል? መዘግየቱ የወረቀት ከሆነ በማን ነው? አጃቢ መኪናውን ማን ያመጣል? ለከተማው ሌሊት የተለየ ሒሳብ አለው? ቃሊቲ ላይ ቢያድር የጥበቃውን ማን ይከፍላል? እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁኑ። በስልክ የተባለ ነገር ሎቤዱ ሲቆም ይረሳል።

ስለ ባዶ መመለሻም ይጠየቃል። ሎቤዱ ወደ ጅቡቲ ሲመለስ ጭነት የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ስለሆነ ባለቤቱ የመልስ ጉዞውን ዋጋው ውስጥ ያስገባል፣ ይህ ያለ ነው። ግን ከሳይትዎ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ማሽን ካለዎት ወይም ጎረቤት ኮንትራክተር ካለው፣ በዚያው ሌሊት ያስጭኑበትና ዋጋውን ያስቀንሱ።